ማስታወቂያው ቃል ገብቶ ውሉ ዝም ሲል

የመኪና ኪራይ ማበረታቻ ሳይፈጸም ቢቀር ደንበኛው በሕግ ምን ማድረግ ይችላል?

የመኪና ፋብሪካዎች ገበያ ሲቀዘቅዝባቸው ወይም አዲስ ሞዴል ሲደርስባቸው የሚያወጡት ማበረታቻ ብዙ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወር ኪራይ በፋብሪካው ይከፈላል፤ ያለ ቅድሚያ ክፍያ መኪና መረከብ ይቻላል፤ የቀድሞ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ ይህን ያህል ዶላር ይቀነስለታል፤ የያዘውን መኪና መልሶ አዲስ ለሚከራይ የቀሩት ወራት ክፍያ ይሰረዝለታል ይባላል። ደንበኛው ይህን ሰምቶ ይሄዳል፣ ይፈርማል፣ መኪናውንም ተረክቦ ይነዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተሰርዟል የተባለው ሒሳብ በፖስታ ይመጣል። ስልክ ሲደውል ሻጩ ወደ ፋብሪካው፣ ፋብሪካው ወደ ገንዘብ ድርጅቱ፣ ገንዘብ ድርጅቱ ደግሞ ወደ ውሉ ይመራዋል። ውሉ ውስጥ ደግሞ ስለ ማበረታቻው የተጻፈ አንዲት ቃል የለም።

ጉዳዩ በስፋት የሚታየው የመኪና ኪራይ ገበያ በዳበረበት በአሜሪካ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂንያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በአዲስ አበባ ማስታወቂያ አይቶ ለሚገዛም ሆነ ማስታወቂያ አውጥቶ ለሚሸጥ ነጋዴም ትምህርቱ የራቀ አይደለም።

ሦስት ወገን፣ አንድ ፊርማ

በአዲስ አበባ «ሊዝ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የከተማ ቦታ ነው። በአሜሪካ የመኪና ገበያ ግን ሊዝ ማለት አዲስ መኪናን ብዙውን ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ተከራይቶ፣ በየወሩ እየከፈሉ ነድቶ፣ ጊዜው ሲያልቅ መልሶ ማስረከብ ነው። ተከራዩ በዋናነት የሚከፍለው መኪናው በእነዚያ ዓመታት የሚያጣውን ዋጋና ለገንዘቡ የሚታሰበውን ወጪ ነው። ባለቤትነቱ ወደ እሱ አይዞርም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወገኖች አሉ። ፋብሪካው ማስታወቂያውን ያወጣል። ዲለር የሚባለው ሻጭ ደንበኛውን ያነጋግራል፣ ውሉንም ያስፈርማል። ከዚያ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለገንዘብ ድርጅት ይተላለፋል። ይህ ድርጅት የፋብሪካው እህት ኩባንያ ወይም ሌላ ባንክ ሊሆን ይችላል። ወርሃዊውን ኪራይ የሚሰበስበው ይኸው ሦስተኛው ወገን ነው።

ብዙ ደንበኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የተባለው ካልተፈጸመልኝ ኪራዩን አልከፍልም» ብሎ ያቋርጣል። ነገር ግን ቃል የገባው አንዱ፣ ገንዘብ የሚቀበለው ሌላው ነው። ገንዘብ ድርጅቱ በእጁ ያለው ደንበኛው የፈረመበት ውል ስለሆነ፣ ኪራዩን ያቋረጠው ሰው ከባለመብትነት ወደ ውል አፍራሽነት ይለወጣል። መኪናው ይወሰድበታል፤ የክሬዲት ታሪኩ ይበላሻል፤ ነገ ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቅ ያ መዝገብ ይቀድመዋል። በትንሽ ገንዘብ የተጀመረ ቅሬታ በዚህ መንገድ ትልቅ ኪሳራ ይሆናል።

በቁጥር ሲታይ

ለምሳሌ ያህል አንድ ደንበኛ በወር 420 ዶላር የሚከፍልበት መኪና ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ቀረው እንበል። ፋብሪካው «እስከ ወሩ መጨረሻ መኪናውን መልሶ አዲስ ለሚከራይ ደንበኛ የቀሩት ሦስት ወራት ኪራይና የመመለሻ ክፍያው ይሰረዛል» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ደንበኛው በቀኑ መኪናውን መለሰ፣ አዲሱንም ተከራየ። በወሩ የ1,260 ዶላር ኪራይና የ395 ዶላር የመመለሻ ክፍያ፣ በድምሩ 1,655 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ ደረሰው።

ይህ ሰው ማስታወቂያውን አምኖ አንድ መኪና አስረክቧል፣ ሌላ መኪናም ተከራይቷል። የሕጉ ጥያቄ፣ ያመነበት ማስታወቂያ ፋብሪካውን የሚያስገድድ ቃል ነው ወይስ ገበያ ማሟሟቂያ? የሚለው ነው።

ማስታወቂያ መቼ ያስገድዳል?

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መሠረታዊው አስተሳሰብ ማስታወቂያ በራሱ ውል አይደለም የሚል ነው። ማስታወቂያ ሰውን ወደ ድርድር መጥራት እንጂ የመጨረሻ ቃል መስጠት አይደለም። ሆኖም ይህ መርህ ወሰን አለው፤ ወሰኑን ጥርት አድርገው የሚያሳዩ ሁለት ጉዳዮች አሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1957 በሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው ነው። አንድ የሚኒያፖሊስ መደብር 139 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያወጣ አንድ ከፀጉራም ቆዳ የተሠራ የትከሻ ልብስ ቀድሞ ለመጣ ሰው በ1 ዶላር እንደሚሸጥ በጋዜጣ አስነገረ። ቀድሞ የደረሰው ወንድ ደንበኛ ነበር። መደብሩ «በቤቱ ደንብ መሠረት የሚሸጠው ለሴቶች ብቻ ነው» ብሎ መለሰው። ማስታወቂያው ግን ይህን አላለም። ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያው ግልጽና ቁርጥ ያለ፣ ለድርድር የተወው ነገር የሌለ በመሆኑ መደብሩን ያስገድደዋል አለ፤ ለደንበኛውም 138 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተፈረደለት። ያው ደንበኛ ከዚያ በፊት «እስከ 100 ዶላር የሚያወጡ» ተብለው በ1 ዶላር የተነገሩ ካፖርቶችንም ጠይቆ ነበር። በዚያ በኩል ግን አላገኘም፤ ምክንያቱም «እስከ» የሚለው ቃል ትክክለኛውን ዋጋ አይናገርም።

ሁለተኛው የፔፕሲ ጉዳይ ነው። ኩባንያው በ1990ዎቹ አጋማሽ በቴሌቪዥን ባሰራጨው ማስታወቂያ ነጥብ ላጠራቀመ ደንበኛ ከሚሰጡ ዕቃዎች ጋር የጦር ጄት አሳይቶ 7 ሚሊዮን ነጥብ የሚል ጻፈበት። አንድ ወጣት ነጥቡ በገንዘብም እንደሚገዛ አንብቦ ወደ 700 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አሰባስቦ ጄቱን ጠየቀ። የኒውዮርኩ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የጦር አውሮፕላን በዚህ ዋጋ ይሰጣል ብሎ አስተዋይ ሰው አያምንም፤ ነገሩ ቀልድ ነው አለ።

ከሁለቱ የሚወጣው መመዘኛ ቀላል ነው። መጠኑ የተነገረ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ደንበኛው ማድረግ ያለበት ነገር ተለይቶ የተጠቀሰ፣ አስተዋይ ሰውም ከልቡ ሊያምነው የሚችል ቃል ወደ ማስገደዱ ያዘነብላል። «እስከዚህ ድረስ»፣ «ለተመረጡ ደንበኞች»፣ «በተሳታፊ ሻጮች ዘንድ» የሚሉ ቃላት በበዙ ቁጥር ደግሞ ይላላል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ቀኑ፣ የወራቱ ቁጥርና ደንበኛው የሚፈጽመው ተግባር ሁሉ ስለተነገሩ ጥያቄው ጠንካራ መሠረት አለው።

ሞኝና ወረቀት

የፋብሪካው ወይም የሻጩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሣው መከላከያ ውሉ ራሱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አብዛኛው የሊዝ ውል በመጨረሻው ገጽ ላይ «የተዋዋዮቹ ስምምነት በዚህ ሰነድ የተጻፈው ብቻ ነው» የሚል ሐረግ ይዟል። ይህ ሐረግ ሻጩ በቃል የተናገረውን ሁሉ ከውሉ ለማስወጣት የተዘጋጀ ነው።

ሐረጉ ግን ሁሉን በር አይዘጋም። አንደኛ፣ ውሉ የተፈረመው ከሻጩ ጋር ከሆነና ቃሉን የገባው ፋብሪካው ከሆነ፣ የፋብሪካው ቃል የራሱ የተለየ ግዴታ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ክሱ በውል ሳይሆን በማታለል ወይም አሳሳች የንግድ አሠራርን በሚከለክል ሕግ ሲመሠረት፣ ሐረጉ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል ጉልበት አይኖረውም።

የ1996ቱ ትምህርት

መንግሥት በመኪና ኪራይ ማስታወቂያ ላይ ክንዱን ያሳየበት ዘመን 1990ዎቹ ናቸው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 የጄኔራል ሞተርስን፣ የሆንዳን፣ የማዝዳን፣ የሚትሱቢሺንና የአይሱዙን የኪራይ ማስታወቂያዎች አሳሳች ናቸው ብሎ ከኩባንያዎቹ ጋር ስምምነት አደረገ። ማስታወቂያዎቹ በትልቁ «ቅድሚያ ክፍያ የለም» እያሉ፣ ሲፈረም የሚከፈለውን ሌላ ገንዘብ ግን ለማንበብ በሚያስቸግር ደቃቅ ጽሑፍ ይደብቁ ነበር የሚል ነው ክሱ። ስምምነቱ ጥፋትን እንደ ማመን የሚቆጠር ባይሆንም፣ ኩባንያዎቹ ወደፊት ወጪውን ሁሉ በግልጽ እንዲናገሩ አስገደዳቸው። ማዝዳ ይህን ትእዛዝ አላከበረም በመባሉ እ.ኤ.አ. በ1999 5.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ለተራው ተከራይ ግን እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እንዲህ ያለው ቅጣት ለመንግሥት ገቢ የሚሆን እንጂ በየቤቱ የሚታደል ካሳ አይደለም። ኮሚሽኑ የሚሠራበት የ1914ቱ ሕግም ለግለሰብ የመክሰስ መብት አይሰጥም። ለኮሚሽኑ ማመልከት ጠቃሚ ነው፤ አቤቱታዎች ሲበዙ ምርመራ ይከተላል። ሆኖም 1,655 ዶላሩን የሚያስመልሰው ሌላ በር ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በመኪና ሻጮች ላይ ያወጣው አዲስ ደንብም በ2025 መጀመሪያ በይግባኝ ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ምክንያት ተሽሯል።

ለግለሰብ የተከፈቱ በሮች

አንደኛው በር እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፌዴራል የተጠቃሚዎች ኪራይ ሕግ ነው። ሕጉ ከአራት ወር ለሚበልጥ ኪራይ ወጪዎች ሁሉ በጽሑፍ እንዲገለጹ፣ ማስታወቂያውም ወርሃዊ ክፍያን ከጠቀሰ ሌሎቹን ዋና ዋና ነገሮች አብሮ እንዲናገር ያዛል። በማስታወቂያ ጥሰት ለመክሰስ ግን ደንበኛው በትክክል የደረሰበትን ጉዳት ማሳየት አለበት፤ ክሱም ኪራዩ ካበቃ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ሕጉ የሚሸፍነው የኪራይ ውል መጠን ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ከ25 ሺህ ወደ 50 ሺህ ዶላር ከፍ ብሎ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል።

ይህ ሕግ የሚጠብቀው ለግልና ለቤተሰብ አገልግሎት የተከራየውን ነው። መኪናውን ለታክሲ ወይም ለሊሞዚን ሥራ የተከራየ ሰው ነጋዴ ስለሚባል ከለላው አይደርሰውም። በዋሽንግተን አካባቢ በዚሁ ሙያ ለተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እነሱ በዋናነት የሚታገሉት በውል ሕግና በማታለል ክስ ነው።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚሻለው በር የየስቴቱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነው። በቨርጂንያ ሕግ ጉዳት የደረሰበት ሸማች ትክክለኛ ጉዳቱን ወይም 500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይጠይቃል። ጥፋቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ወይም ለእያንዳንዱ ጥሰት 1,500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን መጠየቅ ይቻላል። በማሳቹሴትስ ከክስ 30 ቀን በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ተገቢ መልስ ያልሰጠ ኩባንያ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሊፈረድበት ይችላል።

ሦስተኛው በር የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎት ነው። በቨርጂንያና በሜሪላንድ እስከ 5 ሺህ፣ በዲሲ እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ ክርክር በዚህ ችሎት ይታያል። ከላይ የተሰጠው የ1,655 ዶላር ጥያቄ ሦስት እጥፍ ሆኖ ቢቀርብ እንኳ 4,965 ዶላር ስለሆነ ከጣሪያው አያልፍም። ለጠበቃ ከሚከፈለው ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው መብቱን ሳይተው የሚከራከርበት ቦታ ይህ ነው።

በሩን የሚዘጋው አንቀጽ

ከመክሰስ በፊት በውሉ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በኤቲ ኤንድ ቲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ደንበኞች ተሰባስበው በጋራ እንዳይከሱ የሚከለክል የግልግል አንቀጽ በፌዴራል ሕግ የጸና እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ አንድ ሺህ ሰው አንድ ዓይነት በደል ቢደርስበትም እያንዳንዱ ለየብቻው መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ሆኖም ብዙ ውሎች አነስተኛ የገንዘብ ክርክርን ከግልግሉ ውጭ ይተዋሉ፤ አንዳንዶቹም ከተፈረመ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደብዳቤ ከአንቀጹ ለመውጣት ይፈቅዳሉ።

ቅደም ተከተሉ

በዚህ ዓይነት ክርክር የሚያሸንፈው ማስረጃውን ቀድሞ የሰበሰበው ነው። የመጀመሪያው ሥራ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ከነደቃቁ ጽሑፍና ከነቀኑ፣ ማስቀመጥ ነው። ፋብሪካዎች ማበረታቻውን በየወሩ ስለሚለውጡ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው። ከሻጩ ጋር የተደረገ መልእክትና የመኪናው መመለሻ ደረሰኝም አብረው ይቀመጣሉ።

ቀጥሎ ለሦስቱም ወገኖች፣ ለፋብሪካው፣ ለሻጩና ለገንዘብ ድርጅቱ፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ይላካል። ደብዳቤው የተገባውን ቃል፣ ደንበኛው የፈጸመውን፣ የቀረበትን ገንዘብ በቁጥር፣ መልስ የሚጠበቅበትንም ቀን መያዝ አለበት። ስድብና ዛቻ አያስፈልገውም፤ ነገ ዳኛ ያነበዋልና።

ሒሳቡ መክፈያው ቀን ከደረሰ ተቃውሞን በጽሑፍ አስመዝግቦ መክፈልና ገንዘቡን በክስ መጠየቅ ክሬዲትን ይጠብቃል። ሳይከፈል ቀርቶ በክሬዲት መዝገብ ላይ ከወጣም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ሕግ መሠረት መቃወም ይቻላል፤ መዝጋቢው ድርጅት በመደበኛነት በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። ደብዳቤው መልስ ካላገኘ ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ማመልከት፣ በመጨረሻም ወደ ችሎቱ መሄድ ይከተላል።

በኢትዮጵያ ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከላይ ከተነገረው ጋር የሚቀራረብ መንገድ ይከተላል። በቁጥር 1687 መሠረት የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ መላክና በአደባባይ መለጠፍ፣ ዕቃንም ለሕዝብ ማሳየት እንደ ውል ማቅረብ አይቆጠርም። በሌላ በኩል ቁጥር 1689 በይፋ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ያስነገረ ሰው፣ የተባለውን ተግባር ለፈጸመው ሰው ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። «በዚህ ወር ለሚገዙ ይህ ይሰጣል» የሚል ቁርጥ ያለ ማስታወቂያ ላወጣ ሻጭ ይህ ድንጋጌ ሊጠቀስበት ይችላል። አንዱ ወገን ለራሱ ያዘጋጀው አጠቃላይ የንግድ ደንብም ሌላው ወገን አውቆ ካልተቀበለው፣ ወይም በመንግሥት የተደነገገ ወይም የጸደቀ ካልሆነ በስተቀር እንደማያስገድደው ቁጥር 1686 ይገልጻል።

ቃሉ ግዴታ ከሆነ በኋላ ቁጥር 1771 እንዲፈጸም ወይም ውሉ እንዲሰረዝ፣ በተጨማሪም ኪሳራ እንዲከፈል መጠየቅን ይፈቅዳል። ከዚያ በፊት ግን በቁጥር 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውን ዘሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ባለጉዳይ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ ሊረታ ይችላል። ሻጩ እሠራለሁ ብሎ የተወውን ነገር፣ ለምሳሌ የተገባውን የጥገና አገልግሎት፣ በሻጩ ወጪ በሌላ ባለሙያ ለማሠራት ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ እንደሚቻልም ቁጥር 1777 ይናገራል። ሕጉ የተለየ ጊዜ ካላስቀመጠ ክሱ በአሥር ዓመት ይታገዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሐሰተኛና አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ከልክሏል።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገዢው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። የባትሪ ዋስትና፣ የቻርጀር ተከላና የመለዋወጫ አቅርቦት ደግሞ ከመኪናው ዋጋ ባልተናነሰ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ ዋስትናውን የሰጠው ውጭ አገር ያለው ፋብሪካ ነው ወይስ ገንዘቡን የተቀበለው አስመጪ? የፈረመ ሰው ፊት ለፊት ያለውን አስመጪ በውሉ ላይ ካላሰረው፣ በኋላ የሚፈልገው ባላንጣ ባሕር ማዶ ሊሆንበት ይችላል።

በቁጥር 2005 ፊርማ ያረፈበት ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለያዘው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውም ለዚሁ ነው። ስለሆነም ከሁሉ የሚረክሰው የሕግ መፍትሔ ከፊርማ በፊት የሚገኘው ነው። ማስታወቂያውን ከውሉ ጎን ዘርግቶ «ይህ ቃል በየትኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከሌለም በአንድ መስመር እንዲጻፍና ሻጩ እንዲፈርምበት ማድረግ። ቃሉን ሊፈጽም ያሰበ ነጋዴ ይህችን መስመር ለመጻፍ አይከብደውም። አልጽፍም ያለ እንደሆነም ገዢው መልሱን ገንዘቡ ከኪሱ ሳይወጣ አገኘ ማለት ነው።